ለአዳማ አቧራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከስፌት መኪናዬ ላይ እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር አቶ አቧራ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት አደሩ? የት እንዳደሩስ አውቃለሁ። የእናቴ ሲንጀር ላይ ነው።

ማታ በነጠላ ሸፍኜ፣ በላዩ ፌስታል ደርቤ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው የተኛሁት። ጠዋት ስገልጠው ተመቻችተው ተቀምጠዋል። በየት ገቡ? ሌባ እንኳን በር ሰብሮ ነው የሚገባው።

መኪናዋ የሰው አገር ሰው ናት፤ ምናልባት ቢያፍሩ ብዬ ነው የምነግርዎ። የተሠራችው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ነው። ዝናብ የማይለየው አገር። ፋብሪካው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ተዘጋ፤ እሷ ግን እስካሁን ትሰፋለች። ገላዋ ላይ በወርቃማ ቀለም የግብፅ ስፊንክስ (የሰው ፊት ያለው አንበሳ) ተስሎባታል። የበረሃ ፍጥረት ነው፣ አሸዋ ለምዷል ብዬ ነበር። እሱም በእርስዎ ብዛት ፊቱ ጠፍቷል።

ከላይ ሲቀመጡ እሺ፣ በጨርቅ እወለውላለሁ። የሚያበግነኝ ውስጥ መግባትዎ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከመርፌው ስር ያለችውን ሳህን ፈታሁ። ጨርቅ የሚገፉት ጥርሶች የሉም! ከክር ብናኝና ከዘይት ጋር ተጋብተው ስጋጃ አንጥፈውባቸዋል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በወስፌ ስቆፍር ረፈደ። ክር የሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች መሀልም ገብተዋል። እነሱ ካልተጋጠሙ የላይኛው ክር ይላላል፤ ከጨርቁ ስርም ተንዘርፍፎ ይወጣል። የጎረቤቴ ልጅ ዩኒፎርም እንደዚያ ሆነና «እትዬ፣ ይሄ ፋሽን ነው?» አለኝ።

(የምግብ ዘይት ጠብ አድርጊበት የሚሉኝም አሉ። እሱ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። ማጣበቂያ ልግዛልዎ እንዴ?)

ወንድምዎን ነፋስን ይዩት። ሥራ አለው። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ መብራት ማመንጫዎች ላይ 136 ተርባይን ያዞራል፤ አቅማቸው 204 ሜጋ ዋት ነው። እርስዎ በጀርባው ታዝለው እኔ ቤት ይመጣሉ። የእኔ ሲንጀር ደግሞ በእግር ነው የምትረገጠው፤ መብራት አትፈልግም። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ነፋስ የደረሰኝ ድርሻ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ይህን ስጽፍ ወረቀቱ ላይ አርፈዋል። ደብዳቤው እንደደረስዎ በዚሁ ተረድቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለነፋስ፣ ባለበት