የሽቦ ሠራተኞቹ ቤተ ክርስቲያን

ዉስተር የምትባል ከተማ አለች፤ ከቦስተን ወደ ምዕራብ የአንድ ሰዓት መንገድ። ሲጽፏት ፊደሏ አያልቅም፣ ሲጠሯት ግን ሁለት ጊዜ አፍ ከፍቶ መዝጋት ነው። ለሥራ እመላለስባታለሁ። አምና ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም መሐል፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ሳልስበሪ ጎዳና ስደርስ የከሰል ጭስና የጥብስ ሽታ በመስኮቴ ገባ። መቼም በጾም የሥጋ ሽታ ከሌላው ጊዜ ይበረታል። ዘወር ስል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከበሩ አጠገብ የተጻፈው ከሩቅ ሲያዩት የእኛን ፊደል ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን አንዱም አይነበብም። የአርመን ፊደል ነው።

አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው አርመን የሚለውን ቃል ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም። እኔ የተማርኩት በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ነው። የአርመኖቹን ቅዱስ ጊዮርጊስ በየቀኑ በአጥሩ በኩል አልፌው እሄድ ነበር። አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ዝግ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ አገሬ ላይ ያልገባሁበትን አሜሪካ ገባሁበት።

ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ ነበር። ማንም እንዳላወለቀ ሳይ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ተነሳሁ። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ኦርጋን ይነፋል፣ ሴቶቹ ቀጭን ዳንቴል ጣል አድርገዋል። የፈረንጅ ቤት ነው ብዬ ልደመድም ስል መጋረጃው ተዘጋ። መቅደሱን የሚጋርደው የእኛው ዓይነት መጋረጃ። ቀጥሎ ዲያቆኑ ረጅም ዘንግ ላይ የተሰካ ክብ ብረት አነሳ። ዙሪያው ትንንሽ ቃጭል ነው። ነቀነቀው። ቀልቤ ሲመለስ "ጸናጽል!" ብዬ ጮክ አልኩ መሰለኝ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። እነሱ ክሾትስ ይሉታል። ከዚያ ሕዝቡ በዝግታ "ዴር ቮጎርምያ" እያለ መመላለስ ጀመረ። ጌታ ሆይ ማረን ማለት ነው። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በሌላ ዜማ።

ዘመድ መሆናችንን እንኳ አውቀዋለሁ። እነሱም እኛም ከኬልቄዶን ጉባኤ የተለየን አብያተ ክርስቲያናት ነን። እ.ኤ.አ. በ1965 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የእነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የአርመኑ ካቶሊኮስ፣ ማለትም የበላይ አባታቸው፣ ቫዝገን ቀዳማዊ መጥተው ነበር። ግን ማወቅና ቃጭሉን በጆሮ መስማት ለየቅል ነው።

ያን ቀን የእመቤታችንን ፍልሰት ያከብሩ ነበር። ለበዓሉ ወይን ይባርካሉ። ወግ አጥባቂዎቹ ያ ወይን ሳይባረክ የዘመኑን ወይን አይቀምሱም አሉኝ። ከቅዳሴ በኋላ ዘለላው እየተቆረጠ ለሁሉም ታደለ። ሥጋው ደግሞ ውጭ ይጠብቃል። አንዲት ሰማንያ ያለፋቸው እናት፣ ሽርጥ አድርገው፣ ሳህን ሞልተው ሊሰጡኝ መጡ። ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። ከየት ነህ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው ሳህኑን አስቀመጡና እጄን ያዙ።

"ልጆቻችንን የወሰደው ንጉሥ አገር!" አሉ።

ከአዲስ አበባ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ጥብስ የሚያድሉ ባልቴት የአርባ ልጆችን ታሪክ ሊነግሩኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመኖቹ ገዳም በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ማርሽ ሲያሰሙ አዩ። አርባዎቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ" የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። ይህን እኔ ባወራው ወግ ነበር። ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን አፍሬ ዝም አልኩ፤ እኔ በአጥሩ በኩል ያለፍኩትን ቤት እሳቸው ከዚህ ሆነው ያውቁታል።

ሥጋውን ትተው በጎድጓዳ የላስቲክ ዕቃ የወይን ቅጠል ጥቅልል ሞሉልኝ። ውስጡ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው። "ይሄ የጾም ነው" አሉኝ። ዕቃውን ስትመጣ ትመልሳለህ ብለው አስጠነቀቁኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዉስተር አርመኖች ማንበብ ያዝኩ፤ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው ይመስል። ያነበብኩት ሁሉ የራሴን ሰፈር ያስታውሰኛል።

አርመኖቹ እዚህ መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። አብዛኞቹ ከኦቶማን ግዛት፣ ከኻርፔርት አካባቢ ናቸው። እዚያ የአሜሪካ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ስለነበራቸው ስለ ማሳቹሴትስ ቀድመው ሰምተዋል። የመጡት ወንዶች ናቸው፤ ወይ ያላገቡ ወይ ሚስት ትተው የመጡ። ሥራቸው ዋሽበርን ኤንድ ሞን በተባለው ትልቅ የሽቦ ፋብሪካ ነበር። አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ በፈረቃ ተኝተው፣ ቤተሰብ ጋ ገንዘብ ይልካሉ። ሁሉም ትንሽ ቋጥሬ እመለሳለሁ ባይ ነው። በቋንቋቸው እንዲህ ዓይነቱን ሰው ባንቱኽት ይሉታል፤ ለእንጀራ የወጣ፣ ልቡ ግን አገር ቤት የቀረ። የእኛ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ውስጥ በፓርኪንግ ሥራ ሲጀምር እንዴት ነበር የኖረው? ፍራሽ መሬት ላይ፣ አራት ሰው በአንድ ክፍል፣ "መንግሥቱ ሲወድቅ እንገባለን"።

በ1889 አባ ሆቭሴፕ ሳራጂያን የሚባሉ ቄስ ከቁስጥንጥንያ መጡላቸው። በ1891 ላውረል ጎዳና ላይ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው አስባረኩ። በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ይህ ነው። በ1898 ደግሞ ለመላው አሜሪካ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም መንበሩ ዉስተር ሆነ። አስቡት፤ ሚሊየነር የለ፣ ልዑል የለ። እጁ በሽቦ የቆሰለ የቀን ሠራተኛ ሳንቲም አዋጥቶ ነው።

አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። ቦታ ይመራል፣ መጀመሪያ የቆርቆሮ መቃኞ ይቆማል፣ መንገድ ዳር ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ አምስት ብር ይወረውራል። የሰጠው ሰው ስሙን አይናገርም፣ ደረሰኝም አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ደብሩን አስተዳዳሪው ይመራዋል፣ ሰበካ ጉባኤው በቃለ ዓዋዲ ይሠራል፣ ምእመኑ ሄዶ ያስቀድሳል። ቤቱ ከእሱ በፊት ነበረ፣ ከእሱም በኋላ ይኖራል። የጣሪያ ማፍሰስ የእሱ ራስ ምታት አይደለም።

ውጭ አገር ግን ቤተ ክርስቲያን ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ወረቀት ነው። መተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተብሎ ተመዝግቦ፣ ቦርድ ተመርጦ፣ ባንክ ብድር ተለምኖ። እኛ የጀመርነው በአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገብተን ባለቤቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ጠርገን መውጣት አለብን። አንድ ሌሊት ዕጣኑ ሲበረታ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሦስት የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ዲያቆኑ ጽናውን እንደያዘ በረዶ ላይ ቆሞ ለእሳት አደጋ አለቃው ሲያስረዳ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። አለቃው በመጨረሻ ጠጋ ብሎ አሸተተና "ጥሩ ነው፣ ግን መስኮት ክፈቱ" ብሎ ሄደ።

አርመኖቹ ከዚህ ሁሉ ያለፉ ናቸው። ያለፉበት መጥፎ መንገድም አለ፤ ይህን ስናገር የእኛ ሰው ደስ እንደማይለው አውቃለሁ። በ1933 ክረምት ላይ፣ ቺካጎ በነበረው የዓለም ኤግዚቢሽን፣ ሊቀ ጳጳሳቸው ጌቮንት ቱሪያን ለንግግር ተጋበዙ። መድረኩ ላይ የቀድሞዋ ነፃ የአርመን ሪፐብሊክ ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራ ነበር። አርመኒያ ያኔ በሶቪየት እጅ ናት፣ መንበረ ካቶሊኮሱ ኤቺሚያዚንም እዚያው ውስጥ። ባንዲራው ካልተነሳ አልናገርም አሉ። ጉዳዩ እየጋመ ሄደና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 24 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ለቅዳሴ በሰልፍ ሲገቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በስለት ተገደሉ። ዘጠኝ ሰዎች ተፈረደባቸው። ከዚያ በየከተማው ደብሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። የተለዩት በ1957 ሊባኖስ ካለው የኪልቅያ መንበር ሥር ገቡ። ሃይማኖቱ አንድ፣ ቅዳሴው አንድ። ዉስተር ውስጥ ዛሬም ሁለት የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አለ።

በባንዲራ! ብዬ ልስቅ ነበር፤ ከዚያ የእኛው ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 አዲስ ፓትርያርክ ከተሾመ በኋላ እኛም አሜሪካ ላይ "የአገር ቤቱ ሲኖዶስ"፣ "የስደቱ ሲኖዶስ"፣ "ገለልተኛ" ተባብለን ሃያ ስድስት ዓመት ኖረናል። ወንድምና እህት በአንድ ከተማ ለየብቻ አስቀድሰዋል። የአንዱ ሠርግ ላይ የሌላው ቄስ አይገኝም። የማን ባንዲራ፣ የማን ስም በቅዳሴ ይጠራ፣ ሕንፃው የማን ነው፣ ጠበቃውን ማን ይክፈል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ዋሽንግተን ላይ አባቶች ሲታረቁ፣ አቡነ መርቆሬዎስም በማግስቱ ወር አገር ሲገቡ፣ መኪናዬ ውስጥ በሬዲዮ ሰምቼ አለቀስኩ። ግን ገለልተኞቹ አሉ፤ ከዚያ ወዲህም ሌላ ሌላ ስንጥቅ አልጠፋም። በዚህ በኩል አርመኖቹን የምንበልጠው እኛ አንድ ጊዜ ታርቀን ስላየነው ብቻ ነው።

አሁን ስለ ሕንፃው። የላውረል ጎዳናውን የሠሩት እንመለሳለን የሚሉ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ የሚበቃቸው መቅደስ ነበር፤ ማስቀደሻ፣ መፍቻ፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካ። ከዚያ የ1890ዎቹ ጭፍጨፋ መጣ፣ ከዚያ የ1915ቱ እልቂት። የሚመለሱበት መንደር ራሱ ጠፋ። የተረፉ ሴቶችና ሕፃናት ወደነሱ መጡ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሳልስበሪ ጎዳና ላይ ሁለተኛውን ሲሠሩ ሌላ ሰዎች ነበሩ። አዳራሽ፣ ወጥ ቤት፣ የልጆች ክፍል፣ ሰፊ መኪና ማቆሚያ። የመመለሻውን ሻንጣ የፈታ ሰው ሕንፃ ያስታውቃል።

የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነገሩ ተገልብጦበታል። እዚያም አርመኖች ሥር ሰደው ነበር፤ ቁጥራቸው በደጉ ዘመን ከሺህ በላይ ደርሷል፣ አማርኛቸው ከእኛ የማይተናነስ። ደርግ ቤትና ሱቅ ሲወርስ አብዛኞቹ ሄዱ። ዛሬ ከመቶ በታች ናቸው ይባላል። ለዓመታት ቋሚ ቄስ አጥተው ጸሎቱን ዲያቆን ነው ሲመራ የኖረው። ግንቡ ያው ነው፣ ደወሉም አለ። ለካስ በልጅነቴ ዝግ የመሰለኝ ቁልፍ ስለሌለው አልነበረም።

ባለፈው ወር የእኛ ቦርድ ስብሰባ ነበር። ቦታ ገዝተናል፣ ፕላን ቀርቧል። ጉልላቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከርን፤ ስምንት ማዕዘን ይሁን ክብ፣ ላሊበላን ይምሰል ጎንደርን። ላሊበላ ተፈልፍሎ እንጂ ተገንብቶ አይደለም ያለ አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ተቆጥተው አስቀመጡት። እኔ እጄን አውጥቼ የልጆች ክፍል የት አለ ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው አጠገብ" አሉኝ። ልጆቹ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማሩ ደግሞ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ሦስተኛ ጊዜው ነው ሲተላለፍ። አርመኖቹ ጋ ያን ቀን ስብከቱ በእንግሊዝኛ፣ ቅዳሴው በጥንቱ አርመንኛ ነበር፤ ልጆቹ ቃሉ ባይገባቸውም ዜማውን አብረው ይሉታል። በዚህም ስንት ዓመት እንደተጣሉ መገመት አያቅተኝም።

የባልቴቷ ዕቃ ዓመት ሙሉ ከማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጧል። ዉስተር በሄድኩ ቁጥር ልወስደው አነሳለሁ፣ ባለቤቴ ከእጄ ትቀማኛለች። "ባዶውን? የማን ልጅ ነኝ ሊሉ ነው?" ትላለች። ባዶ ዕቃ እንደማይመለስ እሷም እኔም እናውቃለን፤ ችግሩ ምን ይሞላበት የሚለው ላይ አለመስማማታችን ነው። እኔ ቆሎ አልኩ። እሷ ጥርሳቸውን አስበሃል ወይ አለችኝ። ዘንድሮም ነሐሴ ገብቷል። ዛሬ ማታ ድፎ ልትጋግር ሊጥ አቡክታለች። ዕቃው ስለማይበቃው በመሶብ ይሂድ እያለች ነው። መሶቡን ደግሞ "ስትመጡ ትመልሳላችሁ" በላቸው ብላኛለች።