የቅድመ አያቴ ነገር አሳበደኝ

ኧረ በናታችሁ፣ አንድ ሰው እንዴት እንዲህ ድራሹ ይጠፋል? አገር የሚያውቀው በዓለም ስሙ፣ ደብሩ የሚያውቀው በክርስትና ስሙ፣ እሱም ወልደ ማርያም! በአንድ ብራና ኅዳግ ላይ የርስት ክርክር ምስክሮች ተጽፈው አየሁና ልቤ ዘለለ፤ ሦስት ወልደ ማርያም አለ፣ የአባት ስም ግን የአንዱም የለም። ጸሐፊው ቀለም ቆጥቦ ነው?

ቆጠራ እንዳትሉኝ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ 1976 ዓ.ም. ነው፣ ሰውዬው ያኔ አፈር ከለበሰ ቆይቷል።

የቀረኝ ሽማግሌ መጠየቅ ነው። ጋሼ “በኅዳር በሽታ አለቀ” ይላሉ፣ 1911 መሆኑ ነው። እትዬ ደግሞ “ማይጨው ዘምቶ በእግሩ ተመልሷል” ብለው ይምላሉ። ማይጨው 1928 ነው እኮ! ሞቶ ነው የዘመተው?