ለክቡር ሞባይል ስልክ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእንግሊዝኛ ትምህርትን ሳያጓድሉ በመከታተልዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባትሪዎስ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ እንዳልል፣ በየጠረጴዛው ሥር ስለማገኝዎ ናፍቆት የሚባል ነገር አልተፈጠረም።

እኔ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ የማስተምር ሰው ነኝ። ስም ስጠራ «አቤት» የሚሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የሚማሩት ግን እርስዎ ነዎት። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ማን ገለበጠው? እርስዎ፣ ያውም በፎቶ። (ፎቶው ከሰርግ ሰልፊና ከአርሴናል ውጤት መካከል ተቀብሮ ትንሣኤ ሙታንን ይጠብቃል።)

አንድ ቀን «ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ በእንግሊዝኛ ተዋወቁ» ብዬ አዘዝኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው በቴሌግራም ይጻጻፋሉ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ መሆኑን ከሩቅ አይቼ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳነበው ለካ አማርኛ ነው፤ በላቲን ፊደል «ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» ይላል። መልሱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሽሮ ነው።

በጽሑፍ ግን እርስዎን የሚስተካከል አላየሁም። ስለ ትውልድ ከተማችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ ብል የደብረ ታቦሩም፣ የመቱውም፣ የጅንካውም ልጅ ከተማ አንድ ሆኖ መጣ። ሁሉም በባህል የበለጸገ፣ ሁሉም በእንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ፣ ሁሉም ትውፊትንና ዘመናዊነትን ያጣመረ። ገበያው በምን ቀን እንደሚውል አንዱም አልጻፈም። ሰዋስውዎ ጠርቷል፤ ቀይ እስክሪብቶዬን የማሳርፍበት ቦታ አጥቼ ሙሉ ማርክ ሰጥቼዎታለሁ።

ቤተ መጻሕፍትዎንም ጎብኝቻለሁ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ የግራመር ፒዲኤፍ በሙሉ አለኝ» ብሎ በኩራት አሳየኝ። እንግሊዝኛን በሠላሳ ቀን የሚያስጨብጥ አለ፣ በሰባት ቀን የሚያስጨብጥ አለ፣ ተኝተው እየሰሙ የሚማሩበትም አለ። የተከፈተ ግን የለም። ማታ የሌሊት ጥቅል ሲገዛ ደግሞ ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ በቲክቶክ የአንድ ደቂቃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ለማየት። ደቂቃዋ ታልቃለች። ከዚያ እስክስታ ይመጣል፣ ከዚያ የባልና ሚስት ቀልድ፣ ከዚያ የማያውቃቸው ሰዎች ላይቭ ላይ ሲሰዳደቡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ክፍሌ ይገባል። ምን አጠናህ ስለው «ኢንግሊሽ» ይለኛል፤ ሲጀምር እውነቱን ነበር።

አንድ ነገር ግን ልመስክርልዎ። ይህ ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተማረ ይባላል፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ማብራሪያው ግን በአገሩ ቋንቋ። አሁን እኔ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ አንዲት ግሥ ሲያበላሽ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሣል። የሳቀው ልጅ ራሱ ቢጠየቅ ከዚያ አይሻልም፤ ደግነቱ እርስዎን ተከልሏል። የተሳቀበትም በማግስቱ እርስዎን ይከለላል። እርስዎ አይስቁም፣ «ድገመው» አይሉም፣ ዓይን ዓይኑን አያዩም። በዚህ እኛ መምህራን አንደርስብዎትም።

የሚያንገበግበኝ የሚደርስብዎት ግፍ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ይመልከቱ፤ በኮምፒውተር ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ እርስዎ ግን በር ላይ ይቀራሉ። በዚያው ዓመት መግቢያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለ እርስዎ ሲቀመጡ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አገር ጉድ አለ። ምሁራን ምክንያት ደረደሩ፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት አሉ፣ ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ምሥጢሩ የገባኝ ይመስለኛል፤ የተማረው ውጭ ቀርቶ ተሸካሚው ገብቶ ነው የተፈተነው።

ስለዚህ በትሕትና አንድ ነገር እለምናለሁ። ተሸካሚዎን ለአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለሃምሳ ደቂቃ ብቻ ያውሱኝ። ስሙንና ገበያው የሚውልበትን ቀን በእንግሊዝኛ አስብዬው፣ ምንም ሳላጎድል እመልስልዎታለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የእንግሊዝኛ መምህሩ

ግልባጭ፦
ለቻርጀር
ለፓወር ባንክ
ለዶርሙ ዲቫይደር፣ ሸክሙ ስለበዛበት ከማጽናኛ ጋር
ለተማሪው፣ ለመረጃ ያህል (ፎቶ ያንሣው)