ኢሲጂው ከካርዱ ይቅደም

ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ባሉት ቢሮዎች ደረቱን ለያዘ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ምክር ይታወቃል፤ «ጨጓራህ ነው፣ ወተት ጠጣበት።» ወተቱ እንቢ ካለ ተልባ ይበጠበጣል፤ ተልባውም እንቢ ካለ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛል። እንዲህ ሲባል ሁለት ሰዓት ያልፋል። ሕመሙ የጨጓራ ከሆነ ብዙ የጎደለ ነገር የለም። የልብ ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ከሆነ ግን ጡንቻው እየሞተ ነው የቆየው።

ሰው የሚሳሳተው ያለ ምክንያት አይደለም። የልብ የታችኛው ግድግዳ ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) ላይ ነው የተኛው። እዚያ ያለው ጡንቻ ደም ሲያጣ ከእንብርት በላይ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ ቀለል ማለትም ልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

ራይመር፣ ጄኒንግስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት የውሾች ሙከራ እስካሁን ይጠቀሳል። የልብ ደም ሥር ለ40 ደቂቃ ታስሮ ሲለቀቅ፣ ደም ከተቋረጠበት ጡንቻ 38 በመቶው ሞቶ ተገኘ፤ በ3 ሰዓት 57፣ በ6 ሰዓት 71 በመቶ ደረሰ። ሞቱ ከውስጠኛው ሽፋን ይጀምርና ወደ ውጭ ይሰፋል። በሰው ላይ ፍጥነቱ ይለያያል። ቢሆንም በ6 ሰዓት ከጠፋው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያው 40 ደቂቃ መጥፋቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ቀሪውን የሚያድን መድኃኒት ለዓመታት ተፈልጓል፤ ደሙ ሲመለስም ካልሲየም ሕዋሱን አጥለቅልቆ ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳልና። ሳይክሎስፖሪን እ.ኤ.አ. በ2015 ተሞክሮ አልረዳም። ልቡን ከጉዳት ይጠብቃል ተብሎ የክንድ ግፊት መለኪያን 5 ደቂቃ ነፍቶ 5 ደቂቃ እያስተነፈሱ 4 ጊዜ መደጋገምም፣ ከ5,000 በላይ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ሞትንም ሆነ የልብ ድካምን እንደማይቀንስ ታወቀ። ኦክስጅን እንኳ በደሙ ያለው የኦክስጅን ሙሌት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ጥቅም አላሳየም፤ እኛ ዘንድ ጭምብሉ ዛሬም ደረቱን ለያዘ ሁሉ ይደረጋል። እስካሁን በአስተማማኝ ሁኔታ ጡንቻ ያተረፈው የተዘጋውን ሥር ቶሎ መክፈት ነው።

ቶሎ የሚባለው ደግሞ የሚጀምረው በር ላይ ነው። የሕክምና መመሪያው ኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ) ሕመምተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ እንዲነበብ ይጠይቃል። እዚህ ግን መጀመሪያ ካርድ ክፍል፣ ቀጥሎ ገንዘብ ቤት፣ ከዚያ ተራ ይመጣል። አንዳንዴም ማሽኑ ተቆልፎበት ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል። አዲስ ካት ላብ (የተዘጋ የልብ ሥር በቀጭን ቱቦና ሽቦ የሚከፈትበት ክፍል) ከመመረቅ በፊት ይህን ሰልፍ ማፍረስ ርካሽ ነው፤ የሚያስፈልገው ጄል፣ ወረቀትና አንድ የሠለጠነ ነርስ ነው።

ሥልጠናው ግን የምር ይሁን። ቪ1 እና ቪ2 የሚባሉት የደረት ገመዶች ከደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ በቅደም ተከተል፣ 4ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ ይቀመጣሉ፤ አዘውትሮ የሚታየው 2ኛው ላይ ሲለጠፉ ነው፤ ያኔ ንባቡ የሌለ በሽታ ያሳያል። የልብን የታችኛውን ግድግዳ በሚያሳዩት የኢሲጂ መስመሮች፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በኤቪኤፍ፣ ለውጥ ከታየ የቪ4 ገመድ ወደ ቀኝ ደረት ተዛውሮ ይደገም፤ የቀኙ የልብ ክፍል ከተጎዳ የደም ሥር የሚያሰፋው ናይትሮግሊሰሪን የደም ግፊቱን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊጥለው ይችላል። ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኝ ግፊት ይጥላልና ቪያግራ መውሰዱም ይጠየቅ፣ ቤተሰብ በሌለበት። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ከሆነና ሕመሙ ከቀጠለ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ይደገማል።

እቤት ወይም ቢሮ ላለ ሰው፦ አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ከሌለ 300 ሚሊግራም አስፕሪን፣ ባለ 81ዱ ከሆነ 4 ፍሬ፣ አኝኮ መዋጥ። ለአምቡላንስ 907 መደወል። ሊፍቱ ካልሠራ በወንበር ተሸክሞ ማውረድ፤ ደረጃ በእግሩ አይውረድ።

ካት ላብ ያላቸው ሆስፒታሎች ጥቂት ስለሆኑ የሪፈር ወረቀት መጻፉ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ኢሲጂው በሽታውን ካሳየ በኋላ የሚፈቀደው 120 ደቂቃ የሚቆጠረው የካት ላቡ ሽቦ የተዘጋውን ሥር እስኪያልፍ እንጂ አምቡላንሱ በር እስኪደርስ አይደለም። በዚያ ጊዜ የማይደረስ ከሆነና የደም መፍሰስ ስጋት ከሌለ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እዚያው ይጀመር፤ ስትሬፕቶካይኔዝ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ፣ ግፊት እየተለካ። ጊዜው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 12 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ የእኛው ሰዓት አቆጣጠር ወጥመድ አለው። ሕመሙ «3 ሰዓት ላይ» ጀመረኝ ያለው ሰው ከጠዋቱ 3 ማለቱ ነው፤ ካርዱ ላይ 03:00 ተብሎ ከተጻፈ ከቀኑ 10 ሰዓት (በማሽኑ 16:00) ሲደርስ 7 ሰዓት የሞላው ሰው 13 ሰዓት ያለፈው ይመስላል፣ መድኃኒቱም ይከለከላል። «ከጠዋቱ ወይስ ከሌሊቱ?» ብሎ መጠየቅና የማሽኑን ሰዓት በየሳምንቱ ማስተካከል የተረኛው ሥራ ይሁን።