ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊት እስኪያም አይጠበቅም

ወንድሜ፣ «ስኳር ያለበት ሰው ወገቡን ካላመመውና እግሩ ካላበጠ ኩላሊቱ ደህና ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ግን ሰው ይጎዳል። ስኳር የሚያደርሰው የኩላሊት ጉዳት መጀመሪያ ላይ ምንም አያሳምም። የወገብ ህመም ብዙውን ጊዜ ከጡንቻ ወይም ከአከርካሪ ነው የሚመጣው። እብጠቱ፣ አረፋ የሚያበዛው ሽንት፣ ድካሙ ሲታዩ ደግሞ በሽታው ብዙ ጊዜ ርቆ ሄዷል።

ቀድሞ የሚናገረው ምርመራ ነው። አንዱ በሽንት የሚወጣውን አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ይለካል፣ ሌላው በደም ውስጥ ካለው ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ተነስቶ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ ያሰላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ክሬቲኒኑ ኖርማል ሆኖ አልቡሚን የሚያፈስ ኩላሊት አለና። የሽንቱ ውጤት በሽንቱ ውስጥ ላለ ለአንድ ግራም ክሬቲኒን 30 ሚሊግራም አልቡሚን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው አትደንግጥ፣ ይደገማል፤ ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከባድ ስፖርት ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ከታወቀበት ከ5 ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ ይመርመር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ብዙ ሰው ያታልላል። አመጋገብህንም መድኃኒትህንም ሳትቀይር ስኳርህ ዝቅ ዝቅ ማለት ከጀመረ «ተሻለኝ» ብለህ አትደሰት። ኩላሊት ሲደክም ስኳርን ዝቅ የሚያደርገው ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወገድ ሊሆን ይችላል። ሳትውል ሳታድር ሐኪምህ ጋ ሂድና ኩላሊቴም ይታይልኝ በል።