ዶክተር፣ ሰማያዊው እንቁላል ምን በደለዎት?

የባለፈውን ሳምንት የቴሌቪዥን ውይይት ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ላላየ ሰው በአጭሩ ልንገረው። ርዕሱ የጓሮ ዶሮ ነበር። አዘጋጁ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቸኮሌት የመሰለ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችን በየቤቱ ማርባት እየተለመደ መምጣቱን አነሳ። ከተጋባዦቹ አንዱ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ፈገግ ብለው ሦስት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ ነገሩ "የሥራ ፈት ጌጥ" ነው። ሁለተኛ፣ ሰማያዊው ቀለም "ከቫይረስ የመጣ" ስለሆነ ሰው ቢጠነቀቅ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ለሕዝብ ጤና ሲባል የጓሮ ዶሮ ጭራሽ ቢከለከል ይመረጣል። ስቱዲዮ ውስጥ "ለምን?" ያለ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ሪሞቱን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ከቫይረሱ እንጀምር። ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የተፈጠረ ውሸት አይደለም፤ የሚያናድደውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች የሰማያዊውን ቅርፊት ምንጭ ለይተው አወጡ። ኢኤቪ-ኤችፒ የሚባል የጥንት ሬትሮቫይረስ (ራሱን ወደ ተሸካሚው ዲኤንኤ የሚያስገባ ቫይረስ) ቁራጭ የዶሮዋ 1ኛ ክሮሞዞም ላይ፣ ኤስኤልሲኦ1ቢ3 ከሚባል ዘረ መል አጠገብ ገብቶ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት ያ ዘረ መል ቅርፊት በሚሠራበት የማህፀን ክፍል ውስጥ ይነቃል። ቢሊቨርዲን የሚባለው ቀለም ወደ ቅርፊቱ ይገባል፤ እንቁላሉም ሰማያዊ ይሆናል። አለቀ። የታመመ የለም፤ የሚተላለፍ ነገር የለም። የሚገርመው ይህ ነገር በዓለም ላይ ሁለት ጊዜ ለየብቻ መከሰቱ ነው። አንዱ በደቡብ አሜሪካዋ አራውካና ዘር ላይ፣ ሌላው በቻይናዎቹ ዶንግሺያንግና ሉሺ ዶሮዎች ላይ። እነዚያን እንቁላሎች ሰው ትውልድ በትውልድ ሲበላቸው ኖሯል።

ደግሞስ ቫይረስ ማን ላይ የለም? ከሰው ልጅ ዲኤንኤ 8 በመቶ የሚሆነው የጥንት ሬትሮቫይረሶች ትተውት የሄዱት ቅርስ ነው። እንግዴ ልጅ የሚሠራበት ሲንሲቲን የተባለው ፕሮቲን ራሱ ከእንዲህ ዓይነት ቫይረስ የተወረሰ ነው። ስለዚህ ዶክተር፣ በቫይረስ ቅርስ ከተፈራራን እርስዎም እኔም ከእናታችን ማህፀን ጀምሮ ተጠርጣሪዎች ነን። ቢሊቨርዲንም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ተመትተን ቆዳችን ሲበልዝ፣ ኋላ ላይ አረንጓዴ መስሎ የሚታየው እሱ ነው። ይህን አንድ የእንስሳት ሐኪም አያውቅም ብዬ አላምንም። እያወቁ "ቫይረስ" የሚለውን ቃል አየር ላይ ለቀው ዝም ማለታቸው ነው የከፋው። ሰው በዚህ ቃል ስንት እንደተሰቃየ ያውቃሉ።

አሁን ወደ "ጌጥ" እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ረጅሙ ነገሬ እዚህ ነው።

ዶክተሩ ያሉት "ውስጡ ያው ነው፣ ታዲያ ቀለሙ ምን ያደርጋል?" ነው። ውስጡ ያው ነው፤ እሺ። በሰማያዊና በነጭ እንቁላል መካከል የምግብ ይዘት ልዩነት የለም። ሰማያዊ እንቁላል ኮሌስትሮሉ ዝቅ ያለ ነው እያሉ የሚሸጡትን እኔም አልወዳቸውም፤ ውሸት ነው። የአስኳሉን ቢጫነት የሚወስነው ዶሮዋ የበላችው ነው እንጂ ቅርፊቱ አይደለም። እስከዚህ ተስማምተናል። ግን ቀለሙ የሚጠቅመው ለሚበላው ሰው ነው ያለው ማነው? የሚጠቅመው ለሚያረባው ነው!

ልዘርዝረው። አንድ እንቁላል ተሠርቶ ለመውጣት ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ቅርፊት ላይ የሚጠፋ ነው። ሰማያዊው ቀለም ቅርፊቱ ሲሠራ አብሮ ስለሚገባ፣ እንቁላሉን ሰብራችሁ ብታዩት የቅርፊቱ የውስጥ ገጽም ሰማያዊ ነው። ቡናማው ግን ሌላ ነው። ፕሮቶፖርፊሪን የሚባለው ቀለም በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ላዩን የሚቀባ ነው። የቡናማ እንቁላል ቅርፊት ውስጡ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ሰማያዊው ላይ ቡናማ ሲቀባ አረንጓዴ ይወጣል። ማራንስ ከሚባለው የዶሮ ዘር የሚወረሰው ጥቁር ቡናማ ሲቀባበት ደግሞ የወይራ አረንጓዴ ይሆናል። እና ዋናው ነገር፦ አንዲት ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት ቀለም ነው። ሊደምቅ ሊፈዝ ይችላል እንጂ ዛሬ ሰማያዊ ነገ ቡናማ አትጥልም። መኖ ቢቀየርም አይቀየርም።

እንግዲህ አስቡት። ጓሮ ውስጥ አንዲት ክሪም ሌግባር አለች፣ ሰማያዊ ትጥላለች። አንዲት ማራንስ አለች፣ ቸኮሌት። አንዲት ዌልሰመር፣ ቡናማ ላይ ነጠብጣብ። አንዲት ነጭ ሌግሆርን፣ ነጭ። አንዲት ድቅል፣ የወይራ አረንጓዴ። ጠዋት የመጣያ ሳጥኑን ስትከፍቱ የምታገኙት ቁርስ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዷ ዶሮ የተፈረመ ወረቀት ነው። ሰማያዊው ሦስት ቀን ከጠፋ ማን እንዳቆመች ታውቃላችሁ። ላባ እየቀየረች ነው? ሳር ውስጥ ተደብቃ እየጣለች ነው? ታማለች? ወደ አንዲት ዶሮ ብቻ ነው የምትሄዱት። የቸኮሌቱ ቅርፊት ከሳሳ ካልሲየም የጎደላት ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ የአንድ ቀለም ስብርባሪ እየተደጋገመ ከተገኘ የማን ቅርፊት እንደማይችል ታውቃላችሁ።

ፈዘዝ ማለቱን ደግሞ አትናቁት። ቡናማ እንቁላል በድንገት ሲነጣ ዶሮዋ ላይ የሆነ ነገር ደርሷል ማለት ነው። ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። ውሻ አባሯት ሊሆን ይችላል። ፈንግል ወይም ብሮንካይተስም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የዶሮ በሽታዎች ቅርፊትን እንደሚያነጡ ዶክተሩ የተማሩት ነው። ላባዋ ሳይንጨባረር፣ መብላት ሳታቆም፣ ቅርፊቷ ቀድሞ ሊናገር ይችላል። ከዚህ የተሻለ ምርመራ በነጻ የሚሰጥ ካለ ያሳዩኝ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ድቅል ሆነው ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ሲጥሉስ? አምስት ዶሮ፣ አራት እንቁላል። የቀረችው ማናት? እንግዲህ አንድ በአንድ እየያዛችሁ ከኋላ ባሉት ሁለት አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት በጣት መለካት ነው፤ የምትጥል ዶሮ ክፍተቷ ሰፋ ይላል። መልካም ዕድል። ዶሮ ሲያዝ እንዴት እንደሚጮህ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤት ደግሞ ሌባ የገባ ይመስለዋል።

እና ይህ ነው "የሥራ ፈት ጌጥ" የተባለው። እኔ እንደውም እላለሁ፦ ባለ ቀለም እንቁላል የሚጥሉ ጥቂት ዶሮዎች ያሉት ሰው፣ የእያንዳንዷን ጤና ከየትኛውም ትልቅ እርባታ ሥራ አስኪያጅ በላይ ያውቃል። ትልቁ እርባታ የሚያውቀው አማካይ ነው። "ምርት በ2 በመቶ ቀነሰ" ይላል። ማን ቀነሰች? መልስ የለም። አያስፈልግማ! እዚያ አንዲት ዶሮ ማለት ቁጥር ውስጥ ያለች ነጥብ ናት።

ቀለሙ የተጠናው በሥራ ፈቶች እንዳልሆነም ልጨምር። ሰማያዊው ቀለም ገዢ ዘር (ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ) መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፎ ያወጣው ሬጂናልድ ፑኔት ነው። ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ የዘር ውርስን ለማስላት በደብተሩ የሳለው የፑኔት ካሬ ባለቤት። የካምብሪጅ ሳይንቲስት። ከእርሱና ከባልደረባው ሥራ የወጣችው ክሪም ሌግባር፣ ጫጩቷ በተፈለፈለች ቀን በጸጉሯ መልክ ብቻ ሴት ወይም ወንድ መሆኗ ይለያል። ይህ ለጓሮ አርቢ ትልቅ ነገር ነው። ሴት ነች ብሎ የወሰዳት ጫጩት ከወራት በኋላ በሌሊት አትጮህበትም። በነገራችን ላይ እንቁላል ለማግኘት አውራ ዶሮ አያስፈልግም። ይህን ዛሬም ሳስረዳ ውዬ የማያምነኝ አለ። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ጩኸት የሚነሳው ክርክር አውራውን በመከልከል ያልቃል፤ ሴቶቹን አይነካም።

"ትንሽ ነው የሚጥሉት" የሚል ደግሞ ይመጣል። ልክ ነው። የፋብሪካው ድቅል በዓመት 300ና ከዚያ በላይ ትጥላለች። ክሪም ሌግባር 180 አካባቢ ናት፤ ማራንስም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ታዲያ ምን ይጠበስ? ጓሮ ፋብሪካ አይደለም።

የሕዝብ ጤና ወደሚለው እንለፍ። ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ አለ። ዶሮ ነክቶ እጅን በሳሙና አለመታጠብ ጥፋት ነው። ዶሮ የሚስም ልጅ መቆጣት አለበት። የወፍ ጉንፋንም አለ፤ ኤች5ኤን1 የሚባለው ዓይነቱ ቀልድ አይደለም። ግን ከማን ነው የሚመጣው? በአብዛኛው ከዱር ዳክዬዎችና ከሌሎች የውሃ ወፎች ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው። መኖና ውሃ ከጣሪያ ስር ይሁን። አጥሩ ላይ መረብ ይደረግ። ዳክዬ ከዶሮ ጋር አይደባለቅ። የጓሮ ጫማ ጓሮ ይቅር። ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ማስተካከል ይቻላል። ዶክተሩ ግን ከዚህ ውስጥ አንዱንም አልተናገሩም። ዘለው "ይከልከል"። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሏል ይህ ነው። ስለ ጤናችን የተጨነቁ መስሎን ስንሰማ፣ ለካ መጨረሻው ገመድ ነው።

የጓሮው ከተከለከለ ደግሞ የት እንግዛ? ዶሮዎች ተዘግቶባቸው ከሚጥሉበት የሽቦ ቀፎ? በአሜሪካ የተለመደው ቀፎ ለአንዲት ዶሮ የሚሰጠው ቦታ 432 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት 623 ነው። ክንፏን ዘርግታ አታውቅም። የአውሮፓ ኅብረት ተራውን የሽቦ ቀፎ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አግዷል፤ ሌላው ዓለም ግን በአብዛኛው ገና እዚያው ነው። አንድ ጣሪያ ስር በአስር ሺዎች የታጨቁ ዶሮዎች ውስጥ አንዲቷ በወፍ ጉንፋን ስትያዝ ቀሪዎቹ በሙሉ ይወገዳሉ። ይህ ለሕዝብ ጤና ደህና ነው፣ አምስት የጓሮ ዶሮ ግን አደጋ ነው! እንዲህ ዓይነት ሒሳብ የት ነው የሚሰጠው?

ዶክተሩ ስለ አፈር ቢያነሱ ኖሮ ቁጭ ብዬ እሰማቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በሲድኒ የወጣ ጥናት፣ የጓሮ እንቁላል ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት በአማካይ ከሱቁ እንቁላል በ40 እጥፍ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። ምክንያቱ የቆየ ቀለምና የቤንዚን ቅሪት ያለበት የድሮ ከተማ አፈር ነው። ይህ የምር ነገር ነው። አሮጌ ቤት አጠገብ የሚያረባ ሰው አፈሩን ያስመርምር፣ ወይም ንጹሕ አፈር ያስደፋ። ግን እርሳሱ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ነጭም ሆነ ሰማያዊ ለእርሱ አንድ ነው። ከሦስቱ ነጥቦቻቸው ውስጥ ይህ አልነበረበትም። ጠንካራውን ትተው ደካማውን ይዘው መጡ።

ክፍል ሁለት በሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል ተብሏል። ያው ሐኪም እንደሚመጡም ሰምቻለሁ። አዘጋጁን የምለምነው አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብልኝ ነው። ዶክተር፣ 50 ሺህ ዶሮ ባለበት ቤት ውስጥ አንዲቷ ዛሬ ጠዋት ብትታመም፣ መታመሟን ማን ነው የሚያውቀው? በስንት ቀንስ ነው የሚያውቀው? መልሱን ሳይሰጡ ወደ ቀጣዩ ርዕስ እንዳያልፉ።