ጋቢን ጋቢ ያደረገው ጥለቱ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ባህል ልብስ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ የተነገረች ዓረፍተ ነገር ከስልክ ወደ ስልክ ስትዞር ሰነበተች፦ «ጥለቱ እስከተጠበቀ ድረስ በእጅ ተሠራ በማሽን፣ ለባህሉ የሚለውጠው ነገር የለም።» ዋጋው ይቀንሳል፣ የሚፈትሉ እናቶችም ከድካም ያርፋሉ ተብሎ ተጨመረበት። አዳራሹም አጨበጨበ። ተናጋሪው ያሉትን አሉ፤ የሚያበሽቀው ጭብጨባው ነው።

እስቲ ጋቢን እንመልከት። ጋቢ ላይ ጥለቱ የት ነው ያለው? ጫፍና ጫፉ ላይ፣ ቢበዛ ጥቂት ጣት ነው፤ ጭራሽ የሌለውም ሞልቷል። የቀረው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። በተናጋሪው ሒሳብ እንግዲህ ቅርሱ ያለው በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ነው፤ ገላውን ማንም የትም ቢያመርተው ግድ የለም። ታዲያ ጥለት የሌለው ጋቢ ምን ሊባል ነው?

እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ጨርቁ ከምን እንደሚሠራ ጠይቆ አያውቅም። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሆኖ የብረት ዘንግ ሲንከባለልበት ፍሬው ከጥጡ ይለያል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ የጅማቱ ንዝረት የተቋጠረውን ፈታትቶ ባዘቶ ያደርገዋል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ፈታይዋ ከአመልማሎው ጫፍ እየሳበች እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሾራለች። የተፈተለው ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆናል፤ ሸማኔው ዘንድ ሲደርስ ቀሰም ላይ ተጠንጥኖ መወርወሪያው ውስጥ ይገባል። በደንብ ያልተነደፈ ጥጥ ቋጠሮ ይቀርበታል፤ ክሩ ቋጠሮው ጋ ያብጣል፣ ከእብጠቱ አጠገብ ይሳሳል፣ እዚያው ይበጠሳል። ሸማኔው መርገጫው ያለበት የሽመና ጉድጓድ አፋፍ ላይ ከመቀመጡ በፊት የጋቢው ጥራት ግማሹ ተወስኗል ማለት ነው።

ይህ የእጅ ፈትል የሚሆነው ማግ፣ ማለትም በአግድም የሚገባው ክር ነው። በቁመት የሚወጠረው ድር ሌላ ጉዳይ ነው። ድር የፋብሪካ ክር ከሆነ ቆይቷል፤ ይህን የሚደብቅ ሸማኔ የለም። ድር ሥራው እስኪያልቅ ተወጥሮ ይቆያል፤ መርገጫው በተረገጠ ቁጥር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ማጉን እየመታ የሚያጠጋጋው መምቻ በመጣና በሄደ ቁጥር ይፈትገዋል። ይህን ሁሉ የሚችለው የከረረ ክር ነው። ማግ ግን አይወጠርም፤ በተከፈተው ድር መካከል ተወርውሮ ይተኛል። ስለዚህ ላላ ተደርጎ ሊፈተል ይችላል፤ ሙያውም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከመጠን በላይ ከላላ ይበጠሳል፣ ከከረረ ይደርቃል። ልክ በሆነው ፈትል ውስጥ በጥጡ ቀጫጭን ጭረቶች መካከል አየር ይቀራል፤ ሰውን የሚያሞቀው ይህ አየር ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ሲሆን ደግሞ በእጥፎቹ መካከል ሌላ አየር ይጨመራል። ሲታጠብ ላላው ማግ አብጦ የድሩን ክፍተት ይሞላል፤ ጥሩ ጋቢ በአዲስነቱ ሳይሆን ከታጠበ በኋላ የሚለሰልሰውም ለዚህ ነው።

አሁን በዚህ ማግ ፈንታ የከረረ የፋብሪካ ክር አስገቡ። ንጹሕ ጥጥ ቢሆን እንኳ፣ አጥብቆ የተመታው ጨርቅ እንደ አቡጀዲ ይደርቃል፤ አላልቶ የተመታው ደግሞ ማጉ እየተንሸራተተ ቦታ ቦታው ላይ ይሳሳል። ማጉ ሰው ሠራሽ ከሆነ ይብሳል፤ ድሩ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ማጉ አይሰበሰብም፣ ጨርቁ ይጨማደዳል። ላብ አይጠጣም። ትከሻና ክርን የሚነካው ቦታ እንክብል ያወጣል። ጥለቱ ግን ፍንክች አላለም! በተናጋሪው መስፈርት ይህ ዕቃ ሙሉ ባህላዊ ነው።

«ዋጋው ይቀንሳል» ተብሏል። እንቁጠረው። የሸማኔው ጨርቅ ስፋት 80 ሴንቲሜትር ነው ብንል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰፍተው 1 ሜትር ከ60 ይሆናሉ። ርዝመቱን 2 ሜትር ከ40 እናድርገው። አራት እጥፍ ስለሆነ ስምንት ቁራጭ ያስፈልጋል፤ 19 ሜትር ገደማ ጨርቅ ነው። በሴንቲሜትር 8 ማግ ብቻ ብንቆጥር መወርወሪያው ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ ይወረወራል። በየውርወራው 80 ሴንቲሜትር ማግ ይተኛል። ድምሩ 12 ኪሎ ሜትር ፈትል። ፈጣን ፈታይ በሰዓት 60 ሜትር ብታወጣ 200 ሰዓት ይፈጃል፤ ቤት እየመራች በቀን 5 ሰዓት ብታገኝ 40 ቀን። መዳመጡ፣ መንደፉና ማጠንጠኑ አልተቆጠሩም። የጋቢው ስፋትም የማጉ ውፍረትም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሒሳቡ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። እሺ፣ በግማሽ ቀንሱት፤ አሁንም 20 ቀን ነው።

ስለዚህ «የእጅ ጋቢ ተወደደ» የሚለን ሰው፣ ከምን ጋር አወዳድሮ ነው? ማሽኑ ያንኑ ጋቢ አላረከሰውም፤ ሌላ ዕቃ ሠርቶ የጋቢን ስም ሰጠው። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ገዢው በዓይኑ አይለያቸውም፤ በርካሹ ዋጋ ውዱን ይከራከራል፤ ነጋዴው ሸማኔውን ያስቀንሰዋል፣ ሸማኔው ማግ ሻጯን። ቅነሳው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እንዝርት የያዘችው ሴት ላይ ነው። ሸማኔው ቢያንስ የሚያሳየው ጥለት አለው፣ ሰፊውም ስፌት አለው፤ የእሷ 40 ቀን ነጭ በነጭ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። «ጥለቱ ይበቃል» የሚለው አነጋገር ይህችን ሴት ከሒሳቡ ያስወጣል፤ የተነገረውም ለዚሁ ይመስላል። ከፋብሪካ ክር ጋር በዋጋ መወዳደር የማትችለው እሷ ብቻ ናትና።

የብሪታንያ ዓሣ አጥማጆች በእጅ የሚሠራው ሹራብም የዚህ ክርክር ምስክር ነው። ከኮርንዎል እስከ ስኮትላንድ ጠረፍ ድረስ ሴቶች የሚሠሩት ይህ ሹራብ ደረቱ ላይ ጥለት አለው፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። ብልሃቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ገላው ያለ ስፌት ዙሪያውን ይሠራል፤ ብብቱ ሥር ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ አብሮ ስለሚሠራ ሰውዬው መረብ ሲጎትት ሹራቡ አብሮ አይነሳም፤ ፊትና ኋላው አንድ ዓይነት ነውና የሚፈተገው ጎን እንዳያልቅ አዙሮ ይለብሰዋል፤ እጅጌው ከትከሻ ወደ ታች ስለሚሠራ ጫፉ ሲነትብ ከታች ተተርትሮ በአዲስ ክር ይቀጠላል። ጥለቱን ማሽን በቀላሉ ይቀዳዋል፤ ተቆርጦ የተሰፋ ሹራብ ግን እንዲህ ተተርትሮ አይጠገንም። ጎረቤቷ አየርላንድ ውስጥ በአራን ደሴቶች ስም ለቱሪስት ከሚሸጠው ሹራብ አብዛኛው የማሽን ሥራ ነው። ሹራቡ ላይ ያለው የጉንጉን ጥለት አልጠፋም፤ እንዲያውም «እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጥለት አለው» የሚል ተረት ተጨምሮበት ይቸበቸባል። ጥለቱ ተርፎ ሠሪዋ ስትጠፋ መልኩ ይህ ነው።

ይህ የገባቸው አገሮች ሕጋቸውን በሥራው ሂደት ላይ ጻፉ። በ1993 (እዚህ አንቀጽ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሃሪስ ትዊድ ስለተባለው የሱፍ ጨርቅ የሚደነግገው የብሪታንያ ሕግ ጨርቁ ምን ዓይነት ጥለት ይኑረው አይልም፤ ሱፉ በአውተር ሄብሪዲስ ደሴቶች መቀለምና መፈተሉን፣ ነዋሪዎቹም በየቤታቸው በእጅ መሸመናቸውን ነው የሚጠይቀው። የህንድ የ1956 ሕግ ካዲ የሚለው በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነውን ነው፤ መፈተሉን ጭምር! በዚያው አገር በ2021 መጨረሻ የሰንደቅ ዓላማ ደንቡ ተሻሽሎ የማሽንና የፖሊስተር ባንዲራ ሲፈቀድ ካዲ ሠሪዎቹ ጮኹ። ቀለሙም መሃሉ ላይ ያለው መንኩራኩርም አልተነካም ነበር፤ የኛ ተናጋሪ ቢኖሩ «ታዲያ ምን ሆናችሁ?» ይሏቸው ነበር። ጋናም በ2024 ዩኔስኮ ላይ ያስመዘገበችው ኬንቴ የተባለውን ጨርቋን የመሸመን ሙያ ነው። እኛ መስቀልን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ ገዳን፣ ጥምቀትን፣ ሹዋሊድን አስመዝግበናል፤ ደግ አደረግን። በእነዚህ በዓላት ላይ የሚለበሰውን የሚሠራው እጅ ግን መዝገብ ላይ የለም።

«እናቶች ከድካም ያርፋሉ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የሚቆረቁር ነው። ገቢዋ ሲቋረጥ አረፈች አይባልም። ድካሙን መቀነስ ከሆነ የታሰበው መንገዱ ሞልቷል፤ መዳመጡንና መንደፉን ማሽን ይሥራው፣ እንዝርቱም በእግር በሚዞር መፍተያ ይተካ፤ ህንዶች በእጅ የሚዞር ባለ ብዙ እንዝርት መፍተያ አላቸው። ክሩ ምን ያህል ይክረር የሚለውን እጅ እስከወሰነ ድረስ ይህን የሚቃወም የለም። ሸማኔውም ከእርጥብ ጉድጓድ ወጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከዚህ በላይ የምለቀው የለኝም።

ጥለቱን ለብቻው እንውሰደው ቢባል እንኳ ክርክሩ አይቆምም። ሁለቱ ቁራጭ ሲጋጠሙ ጥለቱ መሃል ስፌቱ ላይ መግጠም አለበት፤ ሸማኔው ጠዋት አጥብቆ መትቶ ከሰዓት ካላላ ሁለቱ መስመሮች ይሳሳታሉ፤ ማጉን ሲመልስ ከሳበውም ጠርዙ ይኮማተራል። ስለዚህ እየቆጠረ፣ ምቱን እየመጠነ ነው የሚሠራው። የዶርዜ ሸማኔ ጥበብ ሲያስገባ የቀለሙን ክር በጣቱ እየመረጠ በድሩ መካከል ያሳልፋል። ምኒልክ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ዛሬ ማንም ሸማኔን አይሰድብም፤ በጨዋ ቋንቋ «አታስፈልግም» ይለዋል እንጂ።

ለስብሰባና ለሽልማት ጋቢ በጅምላ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ጨረታቸው ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን፤ የፈተለውና የሸመነው ማን እንደሆነ ጋቢው ላይ በተሰፋ ጨርቅ ይጻፍ። ይህ አዲስ ተቋምም አዲስ በጀትም አይፈልግም።

ገዢውም መለያው እስኪመጣ አይጠብቅ። ጠርዙን ይይ፤ በመወርወሪያ የተሸመነ ጨርቅ ማጉ ዞሮ ስለሚመለስ ጠርዙ ድፍን ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ ማሽኖች ግን ማጉን በየውርወራው ስለሚቆርጡት ጫፉ ጭራ ያወጣል ወይም ታጥፎ ይሰፋል። ጀርባውን ይገልብጥ፤ የታተመ ጥለት ጀርባው ደብዛዛ ነው። ከዳር አንድ ማግ ይምዘዝና ወደ ኋላ ይፍታው፤ የእጅ ፈትል በጥቂት ዙር ተፈትቶ ጥጥ ይሆናል፣ ሳብ ሲያደርጉትም ይለያያል። የተመዘዘውን በክብሪት ያቃጥለው፤ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። «ክር አትምዘዝብኝ» ብሎ የሚቆጣ ነጋዴ ካጋጠመው፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ቀጣዩ ሱቅ ሦስት እርምጃ ነው።